በሊማ ከተማ ምን፣ መቼና እንዴት ይበላል?

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ ወገኖች፣ በሚቀጥለው ወር ለስብሰባ ወደ ፔሩ ዋና ከተማ ሊማ እሄዳለሁ። ጥሬ ሥጋ የለመድኩ ብሆንም ጥሬ ዓሣ ቀምሼ አላውቅም፤ የከተማዋ መታወቂያ ነው የሚባለው ሴቪቼ እንዴት እንደሚበላና በማዕድ ላይ ሊከበር የሚገባውን ወግ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ጉዞዬ ረቡዕንና ዓርብን ስለሚጨምር የጾም ምግብ ነገርም ያሳስበኛል።

ምላሽ፦
ሴቪቼ የምሳ ምግብ መሆኑን አስቀድመው ይወቁ። ሊማዎች ዓሣውን በተጠመደበት ዕለት መብላት ስለሚወዱ፣ ብዙዎቹ ሴቪቼ ቤቶች በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ይዘጋሉ። ትኩሱ የባሕር ዓሣ ተቆራርጦ በጨው፣ በሎሚና በሚያቃጥል ቃሪያ ይለወሳል፤ እሳት ሳይነካው ሎሚው ብቻ ሥጋውን ነጭና ጠንከር ያለ ያደርገዋል። በላዩ በስሱ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ በጎኑ ደግሞ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ፍሬው ትልልቅ የሆነ የበቆሎ ቅቅልና የተቆላ በቆሎ ይቀርባል። ከሳህኑ ሥር የሚጠራቀመውን ነጣ ያለ ጭማቂ፣ «ሌቼ ዴ ቲግሬ» የሚሉትን፣ በማንኪያ ይጨርሱት፤ የምግቡ ጣዕም ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ዩኔስኮ የሴቪቼን ባህል በ2023 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

ምላሽ፦
ለማታ አንቲኩቾን አጥብቄ እመክራለሁ፤ በኮምጣጤ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቀይ በርበሬ ተዘፍዝፎ በፍም ላይ የሚጠበስ የበሬ ልብ ሲሆን፣ በቅኝ ግዛት ዘመን በባርነት ከመጡ አፍሪካውያን ማዕድ ጋር የተሳሰረ ታሪክ አለው። ወግን በተመለከተ፣ ሲበሉ ያገኟቸውን ሰዎች «ፕሮቬቾ» ብሎ መመረቅ የተለመደ ጨዋነት ነው። ለአስተናጋጅ ጉርሻ ዐሥር በመቶ ያህል ይበቃል፤ ነገር ግን አንዳንድ ቤቶች አስቀድመው በሒሳቡ ላይ ስለሚደምሩት ደረሰኙን ይመልከቱ።

ምላሽ፦
የጾሙን ነገር በተመለከተ፣ «ሥጋ የሌለበት» ብሎ ማዘዝ ብቻ አይበቃም፤ ብዙ አስተናጋጆች ሥጋ ሲባል የከብት ሥጋ ብቻ ስለሚመስላቸው ዶሮ ያለበት ሊያመጡልዎ ይችላሉ። ስለዚህ ዶሮን፣ ወተትን፣ አይብንና እንቁላልን አንድ በአንድ እየጠሩ ያስረዱ። በተለይ «ፓፓ አ ላ ዋንካይና» ይጠንቀቁለት፤ ለዓይን ቢጫ ስጎ የፈሰሰበት ተራ የድንች ቅቅል ይመስላል፣ ስጎው ግን በአይብና በወተት የተፈጨ ቃሪያ ነው። ለመጠጥ ከሐምራዊ በቆሎ፣ ከአናናስ ልጣጭ፣ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ተፈልቶ የሚዘጋጀው «ቺቻ ሞራዳ» አልኮል የለበትም፤ ያለ ስጋት ይጠጡት።