የሳንባ ጉዳት ካሳ ጥያቄ፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅና የአባላት አስተያየት

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባችን በፍሬን ጥገናና በመርከብ ሥራ ላይ ረጅም ዘመን ስለቆዩ አባሎቻችን የደረት ሕመም አንድ የጋራ ሐሳብ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች እንድናቀርብ ተስማምተን ነበር። ረቂቁ መጀመሪያ ምርመራን፣ ከዚያ ካሳን፣ በመጨረሻ የሥራ ታሪክ ምዝገባን አስቀምጧል። በእኔ እምነት ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። አስቤስቶስ (ሙቀት ስለሚቋቋም በፍሬን ሸራና በቧንቧ ሽፋን ውስጥ የሚገባ ማዕድን) የሚያመጣው በሽታ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 ዓመት ተደብቆ ስለሚቆይ፣ ሐኪሙ ጉዳቱን ቢያገኘው እንኳ ብናኙን የትና መቼ፣ በማን ሥራ ላይ ሳለን እንደተነፈስነው የሚያስረዳ ወረቀት ከሌለ ራጁ ብቻውን የትም አያደርሰንም።

አባል፣ ኮምቦልቻ (የፍሬን ጥገና)፦
እስማማለሁ፤ ነገር ግን ረቂቁ «በአቧራ ውስጥ ሠርተዋል» ብሎ ማለፉ በቂ አይደለም። ከደሴ የሚወርድ የጭነት መኪና የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሶ ሲደርስ የፍሬኑ ታምቡር ከግለቱ የተነሣ በእጅ አይነካም። ቀዝቅዞ ሲፈታ ውስጡ ግራጫ ዱቄት ቋጥሮ ይገኛል። ያንን ዱቄት በኮምፕሬሰር እናራግፈው ነበር፤ አፍንጫውን በሻሽ የሚሸፍን ሰው ደግሞ እንደ ቅንጡ ይሣቅበት ነበር። የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ በአብዛኛው አስቤስቶስ ያለበት ስለነበረ፣ አዲሱን ሸራ ስንሞርድም ብናኙ ያው ነው። ማታ ወለሉን በደረቁ የሚጠርጉት ረዳቶች ናቸው፤ እነርሱን ማንም መካኒክ ብሎ አይቆጥራቸውም። ስለዚህ የሥራ ታሪክ መመዝገቢያው ቅጽ ማራገፍን፣ መሞረድንና መጥረግን ለየብቻ ይጠይቅ።

ነባር አባል፣ ደሴ (የቀድሞ የመርከብ ጥገና ሠራተኛ)፦
ልጄ ከኮምቦልቻ የጻፈው እኔንም አስታወሰኝ። እኔ እስከ 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በባሕር ኃይል ጥገና ክፍል ሠርቻለሁ። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ ያገኘናት «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የታነጸች ነበረች፤ በዚያ ዘመን የጦር መርከቦችን ቧንቧና የሞተር ክፍል በአስቤስቶስ መሸፈን የተለመደ ነበር። ቧንቧ ሲያፈስ በመጀመሪያ ሽፋኑን በመዶሻና በቢላዋ እንልጠዋለን። ክፍሉ ጠባብ፣ ሙቀቱም የምጽዋ ሙቀት ስለሆነ ከወገብ በላይ ራቁታችንን ነበርን፤ ነጩ ብናኝም በላባችን ላይ ይለጠፍ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ጆንስ ማንቪል የተባለው የአስቤስቶስ ምርቶች አምራች በክስ ብዛት እ.ኤ.አ. በ1982 የኪሳራ ከለላ ጠይቆ፣ በኋላ ለተጎጂዎች የካሳ ፈንድ እንደተቋቋመ አውቃለሁ። እኛስ ከዚያ መጠየቅ አንችልምን?

ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ እንዲህ ያሉ ፈንዶች ከሕክምና ማስረጃው ሌላ ሠራተኛው ለዚያው ኩባንያ ምርት መጋለጡን እንዲያስረዳ ይጠይቃሉ። ያ መንገድ ለእርስዎ ይከፈታል ብዬ በረቂቁ ውስጥ ተስፋ ማስገባት አልፈልግም። ቅርብ የሆነው የአገራችን ሕግ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ከሥራ ላይ አደጋ ጋር በአንድ ያያል፤ አሠሪውም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ተጠያቂ ነው። ሕክምና ላይ ያለ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት 3 ወራት 75 በመቶውን፣ ለቀሩት 6 ወራት ደግሞ 50 በመቶውን ያገኛል። ጡረታም ኢንሹራንስም የሌለው ሠራተኛ ለዘለቄታው ከሥራ ውጭ ከሆነ የ5 ዓመት ደመወዙ በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል።

ሆኖም አዋጁ ሁላችንንም አያቅፍም። የጋሼ ዓይነት የመከላከያ ባልደረባ የሚታየው በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። የራሱን ጋራዥ ከፍቶ ለኖረ አባል ደግሞ የሚጠየቅ አሠሪ የለም፤ ለእርሱ የማኅበሩን መዋጮ ከማሳደግ ሌላ መንገድ አይታየኝም። ሕጉ በአካባቢው የተስፋፋ ተላላፊ በሽታን በሥራ ምክንያት ከሚመጣ በሽታ ስለማይቆጥር፣ ለሚያስለው አባላችን ሁሉ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ተሰጥቶት መሸኘቱም ያሳስበኛል። የሥራ ታሪኩ የተጻፈበትን ቅጽ ይዞ ቢሄድ ሐኪሙ ሌላ ነገር መጠርጠሩ አይቀርም። ከሥራ ግንኙነት የሚነሣ ጥያቄ በመደበኛው በ1 ዓመት ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ስለሚታገድ፣ ውጤቱ የተነገረበት ቀን በጽሑፍ ይያዝ።

አባል፣ ኮምቦልቻ፦
የሞቱትስ? አብሮኝ ሲሠራ የነበረው ጓደኛዬ ሲያርፍ ባለቤቱ የጋራዥ መታወቂያውንና የደመወዝ ወረቀቶቹን በሣጥን እንዳስቀመጠች አውቃለሁ።

ሰብሳቢ፦
አዋጁ ለሟች ጥገኞችም ክፍያ ስለሚደነግግ ቅጹ ለእነርሱ የተለየ ገጽ ይኑረው። ምዝገባው የረቂቁ ቀዳሚ ነጥብ ሆኗል። ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ አብረውት የሠሩ 2 ምስክሮች ይፈርሙ፤ በዕድሜ ከገፉት እንጀምር። ጋሼ፣ ቅዳሜ እኛው ቤትዎ መጥተን እንጽፋለን፤ እርስዎ ዳገቱን አይውጡ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ እኅታችንን አስፈቅዳችሁ የሣጥኑን ወረቀቶች ፎቶ አንሡና ዋናውን እዚያው ተዉላት።