ሳይት ልውጣ ብል እምቢ አሉኝ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ናችሁ? በሲቪል ምህንድስና ከተመረቅኩ 3 ዓመቴ ነው። የምሠራበት ድርጅት ግን ከቢሮ አላስወጣኝም፤ ቴክኦፍ (ከፕላን ላይ የሥራ መጠን ማስላት) ሥሪ፣ የክፍያ ሰርተፊኬት አዘጋጂ፣ በቃ። አብረውኝ የተቀጠሩት ወንዶች ኮንክሪት ሲያስሞሉ እኔ ኤክሴል ላይ አፍጥጬ እውላለሁ። ስጠይቅ «ሳይት ለሴት ይከብዳል» ነው መልሱ።

የሚያበግነኝ ደግሞ ነገሩ አዲስ አለመሆኑ ነው። የኒውዮርኩ ብሩክሊን ድልድይ ሲሠራ ዋና መሐንዲሱ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ታሞ ቤት ሲውል፣ ስለ ኬብልና ስለ ቁሳቁስ ጥንካሬ ተምራ፣ መመሪያውን ወደ ሥራው ቦታ እያመላለሰች፣ ድልድዩ በ1883 (በፈረንጆቹ) እስኪከፈት ድረስ 10 ዓመት ያህል ሥራውን ያስቀጠለችው ሚስቱ ኤሚሊ ናት። ኖራ ስታንተን ብላች ደግሞ በ1905 ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምህንድስና የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ግን ከጁኒየር አባልነት ከፍ ልበል ስትል እምቢ አላት። በ1916 ከሰሰች፣ ተረታች። ማዕረጉን የሰጧት በ2015 ነው፣ ከሞተች ከ44 ዓመት በኋላ!

እኔ ያን ያህል መጠበቅ አልችልም። ሳይት ላይ ያላችሁ ሴቶች፣ መጀመሪያ እንዴት ወጣችሁ? በደብዳቤ ልጠይቅ ወይስ ልልቀቅ? ብለቅ ደግሞ የሥራ ልምዴ ላይ የሚጻፈው «ኦፊስ ኢንጂነር» ብቻ ነው፣ በዚያ ወረቀት ሳይት ማን ይሰጠኛል? ወንዶችም መልሱልኝ፣ «ታገሺ» የሚለውን ግን ጠግቤዋለሁ።