ሰባት የማስተርስ ረቂቅ በአንድ ሳምንት ሲደርስ እንዴት ነው የሚነበበው?

አዲሱ አማካሪ፦

ሰላም መምህራን። በዚህ ሴሚስተር ሁለት ኮርስ አስተምራለሁ፤ በሳምንት 9 ሰዓት ክፍል ውስጥ ነኝ። ሰባት የማስተርስ ተማሪዎችንም አማክራለሁ። ሰባቱም ረቂቃቸውን የሚልኩት የማስገቢያው ቀን ሲቃረብ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ከ60 እስከ 80 ገጽ ይሆናል። ከገጽ አንድ ጀምሬ በትራክ ቼንጅስ (እያንዳንዱን እርማት ፋይሉ ላይ በሚያሳየው የዎርድ መሣሪያ) እያረምኩ ስሄድ አንዱ ብቻ 5 ወይም 6 ሰዓት ይወስድብኛል። ይባስ ብሎ ሁለተኛው ረቂቅ ሲመለስ ነጠላ ሰረዙና ፊደሉ ተስተካክሏል፣ ዋናው ችግር ግን እንደነበረ ነው።

ከየት ጀምሮ ማንበብ ይሻላል? አስተያየቱስ እንዴት ቢጻፍ ነው ተማሪው የሚሠራበት? ሳምንቱን ከማስተማሩ ጋር እንዴት እንደምታከፋፍሉትም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ቀይ እስክርቢቶ፦

ሰዓቱ የሚያልቀው ነገ ሊሰረዝ የሚችል አንቀጽ ላይ ፊደል ሲለቀም ነው። የመጀመሪያውን ንባብ ያለ እስክርቢቶ ያድርጉት፤ 30 ደቂቃ ይበቃል። ርዕሱን፣ ዓላማውንና የጥናቱን ጥያቄዎች ያንብቡ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ መደምደሚያው ይለፉ፣ ቀጥሎ ሰንጠረዦቹን ብቻ ይመልከቱ። ምዕራፍ ሁለትን (የቀደሙ ጽሑፎች ቅኝቱን) ለጊዜው ይተዉት። አንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ያስምሩ፦ የጥናቱ ጥያቄ፣ ለእሱ የተሰበሰበው መረጃ፣ የትንተናው ዘዴ፣ ግኝቱ። እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ረድፍ ይይዛል። ረድፉ ውስጥ ባዶ ቦታ ካለ ወይም አራቱ እርስ በርስ ካልተያያዙ ረቂቁ ለቋንቋ እርማት ገና ነው።

አንድ ረድፍ ላሳይ። ጥያቄው «ሥልጠናው በሠራተኞች የሥራ ውጤት ላይ ምን ለውጥ አመጣ?» ይላል። መረጃው አንድ ጊዜ የተበተነ መጠይቅ ነው። ትንተናው አማካይና መቶኛ ነው። መደምደሚያው «ሥልጠናው የሥራ ውጤትን አሻሽሏል» ይላል። ከሥልጠናው በፊት የተለካ ነገር የለም፤ ያልሠለጠነ ማነጻጸሪያ ቡድንም የለም። በእጅ ያለው የሠራተኞቹ አስተያየት ብቻ ነው። መረጃው ተሰብስቦ ስላለቀ መስተካከል የሚችለው ጥያቄው ነው፦ «ሠራተኞቹ ሥልጠናው ለሥራቸው ያለውን ጥቅም እንዴት ያዩታል?»። ይህ ሲለወጥ ርዕሱ፣ ዓላማው፣ መደምደሚያውና አብዛኛው ምዕራፍ አራት አብሮ ይለወጣል። እነዚያን ገጾች ቀድመው አርመዋቸው ቢሆን ኖሮ ድካሙ ሁሉ ውኃ በላው። በነገራችን ላይ የጸደቀ ፕሮፖዛል ላይ የነበረ ጥያቄ ሲቀየር ለትምህርት ክፍሉ ማሳወቅና በጽሑፉም ውስጥ መግለጽ ያስፈልጋል፤ በዝምታ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ወደ አስተያየቱ አጻጻፍ ስመጣ፣ ዳር ዳሩ ላይ 140 ኮሜንት ያለበት ፋይል የደረሰው ተማሪ የሚጀምረው ከቀላሉ ነው። ዋናው የንድፍ ችግርና የፊደል ግድፈቱ በእኩል ሳጥን፣ በእኩል ቀለም ተጽፈው ስለሚያያቸው የቱ እንደሚከብድ አያውቅም። ስለዚህ ከፋይሉ ጋር አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ከአምስት ነጥብ አይለፉ፣ ከከባዱ ይጀምሩ። እያንዳንዱ ነጥብ ችግሩ የት ገጽ እንዳለ፣ ለምን ችግር እንደሆነና ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ ይናገር። «ግልጽ አይደለም» የሚል ቃል ተማሪውን የትም አያደርሰውም። «ገጽ 34 ላይ እርካታ በሦስት ጥያቄ ተለካ ይላል፤ መጠይቁ ላይ አምስት ናቸው። ሁለቱ ለምን እንደወጡ ጻፍ» ቢባል ግን ዛሬ ማታ ቁጭ ብሎ ሊሠራው ይችላል።

ለቋንቋው አንድ ገጽ ብቻ መርጠው እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ያርሙና «ሌላውን በዚህ መልክ አስተካክል» ብለው ይመልሱ። ሙሉ ፋይል ላይ ትራክ ቼንጅስ ሲደረግ ተማሪው «ሁሉንም ተቀበል» የሚለውን አንዴ ይጫናል፣ ምን እንደታረመ ሳያይ ያልፋል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ያው ስህተት ይመለሳል።

የተስተካከለው ረቂቅ ሲመጣ ከፊቱ ባለ ሦስት ዓምድ ሰንጠረዥ ይኑረው፦ የተሰጠው አስተያየት፣ የተደረገው ለውጥ፣ ለውጡ የሚገኝበት ገጽ። ተማሪው ካልተስማማ ምክንያቱን እዚያው ይጻፍ፤ ይህ መብቱ ነው፣ አንዳንዴም ልክ እሱ ይሆናል። ሰንጠረዥ የሌለውን ረቂቅ ሳያነቡ ይመልሱ።

ወደ ኋላ ቆጣሪ፦

ቀይ እስክርቢቶ ባሉት ሁሉ እስማማለሁ፣ በተለይ በሰንጠረዡ። ነገር ግን ሰባቱ በአንድ ሳምንት መምጣታቸው ራሱ ሴሚስተሩ ሲጀምር የሚፈታ ጉዳይ ነው።

ከዲፌንሱ፣ ማለትም ተማሪው ጥናቱን በፈታኞች ፊት ከሚያቀርብበት ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ፈታኞች እንዲያነቡ 2 ሳምንት፣ ለሕትመትና ለፊርማ 1 ሳምንት፣ ለተማሪው የመጨረሻ እርማት 2 ሳምንት፣ ለእርስዎ ሙሉ ንባብ 2 ሳምንት። ድምሩ 7 ሳምንት ይሆናል። ተማሪው በልቡ የያዘው የመጨረሻ ቀንና እውነተኛው የመጨረሻ ቀን የሚራራቁት በዚህ 7 ሳምንት ነው። ቀኖቹን በአንድ ወረቀት ጽፈው በመጀመሪያው ስብሰባ ለሰባቱም ይስጡ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ የሚያስፈልገው ጥናት ከሆነ እሱም እዚያ ላይ ይግባ፤ መጠይቅ መበተን ከፈቃዱ በፊት አይጀመርም። ፈቃድ ወደ ኋላ ተመልሶ ስለማይሠራ ቀድሞ የተሰበሰበው ዳታ ሊጣል ይችላል፣ ይህ ደግሞ ለተማሪው ትልቅ ጉዳት ነው።

ረቂቁን በየምዕራፉ ይቀበሉ እንጂ ሙሉውን በአንዴ አይጠብቁ። የማስረከቢያ ቀናቸውን ያፈራርቁት፤ በአንድ ሳምንት ከሁለት ምዕራፍ በላይ እንዳይደርስዎ። «በ10 የሥራ ቀን መልስ እሰጣለሁ» ካሉ ያክብሩት፤ አማካሪው ሲያዘገይ ተማሪው ማዘግየት ይማራል።

ስብሰባው በሁለት ሳምንት አንዴ 30 ደቂቃ ይሁን። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ተማሪው ይናገር፣ የመጨረሻዎቹ 5 ለቀጣዩ ሥራና ቀን ይዋሉ። ተማሪው በ24 ሰዓት ውስጥ የተባለውን በግማሽ ገጽ ጽፎ ይላክ። እርስዎ የተናገሩትና እሱ የሰማው ስንት ጊዜ እንደሚለያይ ሲያነቡት ያዩታል፤ ቶሎ ከታየ ደግሞ ሦስት ሳምንት በተሳሳተ መንገድ አይሠራም። የፋይል ስም ላይም ሕግ ያውጡ፦ የተማሪው ስም፣ ምዕራፉ፣ ባለ ሁለት አኃዝ የቅጂ ቁጥር። «የመጨረሻ» የሚል ቃል በስሙ ውስጥ አይግባ፤ አሮጌ ቅጂ ላይ አስተያየት መጻፍ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ለንባብ በሳምንት ሁለት ጥዋት ይዝጉ፣ ኢሜይልም ስልክም ሳይኖር። በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ባለች 40 ደቂቃ ቴሲስ አይነበብም። ለዚያች ሰዓት የሚሆኑ ሌሎች ሥራዎች አሉ፦ አቴንዳንስ መመዝገብ፣ ስላይድ ማስተካከል፣ የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ።

የናሙና ነገር፦

ምዕራፍ ሦስትና አራት (ዘዴውና ግኝቱ) ላይ ያለማቋረጥ የሚደጋገሙ ስህተቶች ስላሉ እነሱን ልጨምር። 15 ደቂቃ ይበቃቸዋል።

«የናሙናው መጠን 384 ነው» የሚል ሲያዩ ስሌቱን ያሠሩት። 1.96 (ለ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚወሰደው ቁጥር) በራሱ ሲባዛ 3.8416 ነው፤ በ0.5 (የሚለካው ነገር በሕዝቡ ውስጥ ያለው ግምታዊ ድርሻ) እና እንደገና በ0.5 (የቀሪው ድርሻ) ተባዝቶ ለ0.0025 (የ5 በመቶ የስህተት ልክ፣ 0.05 በራሱ ተባዝቶ) ሲካፈል 384.16 ይሰጣል። የናሙና መጠን ወደ ላይ ስለሚጠጋ 385 ይሆናል። የአንድ ሰው ልዩነት ጥናት አያበላሽም፤ ሆኖም 384 ቁጥሩ ከሌላ ቴሲስ ተገልብጦ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። 0.5 ለምን እንደተመረጠ ይጠይቁት። መልሱ ትልቁን ናሙና የሚሰጠው ግምት እሱ በመሆኑ ነው። 10 በመቶ ሰው አይመልስም ተብሎ ከታሰበ ደግሞ 385 ለ0.9 ይካፈላል፣ 428 ይመጣል። አብዛኛው ተማሪ 10 በመቶ ይጨምርና 424 ይላል፤ ከ424 ላይ 10 በመቶ ሲቀር 381 ወይም 382 ስለሚተርፍ ከተፈለገው ይጎድላል። ቀመሩ ለቀላል ዕጣ ናሙና የተሠራ መሆኑንም አይርሱ። ተማሪው መጀመሪያ ትምህርት ቤቶችን፣ ከዚያ በውስጣቸው ተማሪዎችን የመረጠ ከሆነ 385 አይበቃውም፤ በአንድ ትምህርት ቤት ያሉ ተማሪዎች እርስ በርስ ይመሳሰላሉና። ጥናቱ በጥልቅ ቃለ መጠይቅ የሚካሄድ ከሆነ ቀመሩ ጭራሽ ቦታ የለውም።

ክሮንባክ አልፋ፣ ማለትም የአንድ መለኪያ ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየው ቁጥር፣ የሚሰላው ለእያንዳንዱ መለኪያ ለብቻው ነው። ለ40 ጥያቄ በጅምላ የተሰላ 0.91 ብዙ አይነግርም፤ ጥያቄ ሲበዛ ቁጥሩ በራሱ ከፍ ይላል። አልፋው አሉታዊ ወይም በጣም ዝቅተኛ ከሆነ መጀመሪያ የሚፈተሸው በተቃራኒ የተጻፈ ጥያቄ መኖሩ ነው። «ሥራዬ ያሰለቸኛል» ከ«ሥራዬን እወዳለሁ» ጋር ሲደመር መገልበጥ አለበት፤ ባለ 5 ደረጃ መለኪያ ላይ 6 ሲቀነስ የተሰጠው መልስ ማለት ነው።

ምዕራፍ አራትን ከማንበብዎ በፊት ጥሬ ዳታውንና የኮድ ዝርዝሩን (የትኛው ቁጥር የትኛውን መልስ እንደሚወክል የሚገልጸውን) ያስልኩ። ያልተመለሰ ዕድሜ 99 ተብሎ ተመዝግቦ ሶፍትዌሩ ላይ «ጎዶሎ» ተብሎ ካልተገለጸ የ99 ዓመት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። 38 ሰዎች በአማካይ 30 ዓመት ቢሆናቸውና ሁለት 99 ቢገቡ አማካዩ 33.45 ይሆናል፤ ማንም በዓይኑ አይጠረጥረውም። ትንሹንና ትልቁን ዕድሜ ማየት ግን ወዲያው ያጋልጠዋል። ኤክሴል ላይ አንድ ዓምድ ብቻ ተመርጦ ቅደም ተከተል ሲቀየርማ የአንዱ ሰው መልስ ከሌላው ዕድሜ ጋር ይገናኛል። ሁሉም ቁጥር ትክክል ይመስላል፣ ዝምድናው ግን ይጠፋል። መፍትሔው እያንዳንዱን የወረቀት መጠይቅ ቁጥር መስጠትና ከዳታው ላይ በዕጣ 10 ረድፍ አውጥቶ ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት ነው።

አዲሱ አማካሪ፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ባለ አራት ዓምዱን ዛሬውኑ በሁለት ረቂቅ ላይ እጀምረዋለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ በዚያው ሰሞን 70 የፈተና ወረቀት አለ፣ ባለ 5 ጥያቄ የጽሑፍ መልስ። ሌላው፣ ዋቢ ጽሑፎቹ እውነት መኖራቸውን እንዴት ታረጋግጣላችሁ?

የፈተና ወረቀት፦

እርማቱን አስቀድመው ያስሉት። 70 ወረቀት በ5 ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ 2 ደቂቃ ቢሰጡ 700 ደቂቃ ነው፤ 11 ሰዓት ከ40። በአንድ ቀን አይሆንም፤ ለአራት ቀን ይከፋፍሉት።

ተማሪ በተማሪ አያርሙ። የሁሉንም ጥያቄ 1 ጨርሰው ወደ ጥያቄ 2 ይሂዱ። ጥያቄ 1ን አሳምሮ የመለሰ ተማሪ ጥያቄ 2 ላይ ያልተገባው ነጥብ እንዳያገኝ፣ ያበላሸውም እንዳይጎዳ ይረዳል። ስሙን ያጥፉት ወይም የፊት ገጹን አጥፈው ይያዙ። ነጥብ ከመስጠትዎ በፊት 6 ወረቀት ብቻ አንብበው የማረሚያ መመዘኛዎን ያስተካክሉ፤ ያልጠበቁት ትክክለኛ መልስ የሚገኘው እዚያ ነው። ከጥያቄ ወደ ጥያቄ ሲያልፉ የወረቀቱን ክምር ቅደም ተከተል ይቀላቅሉት፤ አለበለዚያ ሁልጊዜ ድካም ላይ የሚደርሰው ያው ተማሪ ይሆናል። ሲጨርሱ የመጀመሪያዎቹን 10 እንደገና ይዩ፤ መጀመሪያ ላይ የሰጡት ነጥብ ከኋለኛው ይልቅ ጠበቅ ወይም ላላ ብሎ ሊያገኙት ይችላሉ። ድምሩን ሁለት ጊዜ ይደምሩ፣ ተማሪ ቅሬታ ይዞ የሚመጣው በብዛት የድምር ስህተት ላይ ነው።

ዋቢን በተመለከተ ከዝርዝሩ 10 መርጠው ርዕሱን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገው ይፈልጉ፣ የዲኦአይ ቁጥር (ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የሚሰጥ ቋሚ የኢንተርኔት መለያ) ካለውም ያስገቡት። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረከ ዋቢ ብዙ ጊዜ እውነተኛ የመጽሔት ስምና እውነተኛ ተመራማሪ ይይዛል፤ የሚጋለጠው ቅጹና ገጹ ሌላ ጽሑፍ ላይ ሲያርፍ ወይም የዲኦአይ ቁጥሩ የማይገናኝ ጽሑፍ ሲከፍት ነው። ከ10 አንድ እንኳ ከተገኘ ሙሉውን ዝርዝር ተማሪው ራሱ ያጣራ፣ የእያንዳንዱን ፒዲኤፍም በአንድ ፎልደር ያምጣ። ከዚያ አንዱን ከፍተው «ይህን ሐሳብ የወሰድከው ከየትኛው ገጽ ነው?» ይበሉት።

ጽሑፉ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ሶፍትዌር የሚሰጠውን የተመሳሳይነት መቶኛ እንደ ፍርድ አይውሰዱት። 30 በመቶ ያለው ጽሑፍ የዋቢ ዝርዝሩና የተለመዱ የሜቶዶሎጂ ሐረጎች ተደምረው ሊሆን ይችላል፤ 12 በመቶው ደግሞ ሳይጠቀስ የተገለበጠ ሙሉ ሁለት ገጽ ሊሆን ይችላል። ሪፖርቱን ከፍቶ የተቀለሙትን አንቀጾች ማንበብ ግድ ነው።

ቀይ እስክርቢቶ፦

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ረዳት አማካሪ ያለበት ተማሪ ካለዎት ሁለታችሁም በአንድ ፋይል ላይ ጻፉ፤ መጀመሪያ ረዳቱ፣ ከዚያ እርስዎ። በማትስማሙበት ነጥብ ላይ ፋይሉ ለተማሪው ሳይላክ በፊት ተነጋገሩ። አንዱ «ሬግሬሽን (የስታቲስቲክስ ትንተና ዓይነት ነው) ጨምር» ሌላው «አውጣ» ሲለው ተማሪው ሁለቱንም ለማስደሰት ይሞክርና ማንም ያልፈለገውን ሰንጠረዥ ይሠራል፤ ዲፌንስ ላይ ግን ለምን እንዳስገባው ይጠየቃል።