ሽንት ቤቱ አንዳንዴ ጥርግ አድርጎ ይወስዳል አንዳንዴ ይመልሳል፣ ምን ሆኖ ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቤታችን ሽንት ቤት ግራ አጋብቶኛል። ጠዋት ፍላሽ ስናደርገው ጥርግ አድርጎ ይወስዳል፣ ከሰዓት ደሞ ውሃው ዝም ብሎ ይሽከረከርና ሶፍቱ ተመልሶ ይንሳፈፋል። ተዘግቷል እንዳልል አንዳንዴ በደንብ ይሰራል። በጎማ ፓምፕ ሞክሬያለሁ፣ የፈላ ውሃም ደፍቼበታለሁ፣ ለውጥ የለም። እናቴ ወገቧን ያማታል፣ በባልዲ ውሃ ተሸክማ ስትገባ ሳይ አንጀቴን ትበላኛለች። ከየት ልጀምር?

መልስ፦
ወንድሜ የፈላ ውሃውን ተው፣ ሳህኑ ሸክላ ስለሆነ ሊሰነጠቅ ይችላል። መጀመሪያ ችግሩ ከታንኩ ይሁን ከመስመሩ ለይ። ከ6 እስከ 8 ሊትር ውሃ በባልዲ ይዘህ ሳህኑ ውስጥ ፈጠን አድርገህ ድፋው፣ ከፍ እያለ ከመጣ ቶሎ አቁም። ጥርግ ብሎ ከሄደ መስመሩ ደህና ነው፣ ታንኩ ነው በቂ ውሃ የማይሰጠው ማለት ነው።
አንዴ እሺ አንዴ እምቢ የሚለው ለምን መሰለህ፣ ብዙዎቹ ሽንት ቤቶች ከሳህኑ ኋላ ያለው መውጫ ወደ ላይ ወጥቶ ነው ወደ ታች የሚታጠፈው፣ ውሃው በብዛት በአንዴ ሲመጣ ያንን መታጠፊያ ሞልቶት የቀረውን ሁሉ ስቦ ይዞት ይሄዳል፣ ቀስ ብሎ ከመጣ ግን በላዩ ፈሰስ ይላል እንጂ አይስብም። ስለዚህ ታንኩ ውስጥ ትንሽ ውሃ ሲጎድል ስቦ መውሰዱ ጭራሽ ይቀራል።

ጠያቂው፦
በባልዲ ሞከርኩት፣ ወዲያው ወሰደው! ታንኩን ከፍቼ ሳየው ውሃው መሀል ላይ ከቆመችው ቱቦ አፍ አንድ መዳፍ ያህል ዝቅ ብሏል። ትናንት ማታ ግን ሞልቶ ነበር።

ሌላ መልስ፦
እኔም ቤት ይሄው ነበር ወር ሙሉ ያሰቃየኝ። ውሃው ከዛች ቱቦ አፍ 2 ወይ 3 ሴንቲሜትር ብቻ ነው ዝቅ ማለት ያለበት። አንዳንዴ ሞልቶ አንዳንዴ የሚጎድል ከሆነ ተንሳፋፊውን (ከውሃው ጋር ከፍ እያለ ታንኩ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋውን) እየው፣ የታንኩን ግድግዳ ወይ ሌላ ዕቃ እየነካ ከሆነ ይያዝና ውሃው ሳይሞላ ይዘጋዋል። ከታች መውጫውን የሚዘጋው ላስቲክ በሰንሰለት የሚነሳ ከሆነ ደሞ ሰንሰለቱ በጣም ረጅም እንዳይሆን፣ ላስቲኩን በደንብ ስለማያነሳው ውሃው ግማሽ ሳይወርድ ይከደናል፣ 1 ሴንቲሜትር ያህል ላላ ቢል ይበቃል። ላስቲኩ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለማወቅ ታንኩ ውስጥ የምግብ ቀለም ጨምረህ ግማሽ ሰዓት ሳትጠቀምበት ቆይ፣ ሳህኑ ውስጥ ቀለም ካየህ እያፈሰሰ ነው። በረኪና ያለበት ክኒን ታንኩ ውስጥ የምትጨምሩ ሰዎች እባካችሁ ተዉት፣ ላስቲኩን የሚበላው እሱ ነው።

ሌላ መልስ፦
ታንኩ ተስተካክሎም ከደከመ የሳህኑን ከንፈር ከስር በመስታወት እየው፣ ውሃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ነጭ ቅርፊት ይዘው ይደፈናሉ። አቼቶ አድርገህበት አሳድረውና በቀጭን ሽቦ ጠርገው። አቼቶና በረኪና ግን በፍፁም አትቀላቅል፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው! ሳህኑ ጉርጉር የሚል ከሆነ ደሞ ጣራ ላይ የሚወጣው የአየር ቱቦ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ለቧንቧ ሰራተኛ ተውለት፣ ጣራ ላይ ብቻህን አትውጣ።

ጠያቂው፦
ተንሳፋፊው ነው! ጎኑ ግድግዳውን እየታከከ ነበር፣ ትንሽ ዞር አደረግኩትና ውሃው እስከ ልኩ ሞላ። ከጠዋት ጀምሮ ሰባት ስምንቴ ሞክሬዋለሁ አንዴም አልመለሰም። ቀለሙን ደሞ ዛሬ ማታ ሁሉም ሲተኛ እሞክረዋለሁ። እናቴ ባልዲውን አውጥታዋለች፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።