የስፓኒሹ «ፉዌ»፦ «ሄደ» ነው ወይስ «ነበረ»?

ጥያቄ፦ «ፉዌ» አንዱ ጋ «ሄደ»፣ ሌላው ጋ «ነበረ» ተብሎ ተተርጉሞ አገኘዋለሁ። በምን ይለያል? እሱም «ነበር» ተብሎ ከሚተረጎመው ከ«ኤራ»ስ?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። «ሴር» (መሆን) እና «ኢር» (መሄድ) በዚህ ኃላፊ ጊዜ እርባታቸው አንድ ነው፦ ፉዊ፣ ፉዊስቴ፣ ፉዌ፣ ፉዊሞስ፣ ፉዊስቴይስ፣ ፉዌሮን። በላቲን መልኩ የ«መሆን» ነበር፤ «መሄድ» የራሱ ሲጠፋበት ይህንኑ ወሰደ።

የሚለየው ተከታዩ ቃል ነው። «አ» («ወደ») እና ቦታ ከተከተሉት መሄድ ነው፦ «ፉዌ አ ማድሪድ»፣ ማድሪድ ሄደ (ወይም ሄደች፤ ግሱ ጾታ አይለይም)። ቅጽል ወይም ስም ከተከተለው መሆን ነው፦ «ፉዌ ዲፊሲል»፣ ከባድ ነበር። «ሴ» ሲቀድመው፣ «ሴ ፉዌ»፣ የነበረበትን ትቶ ሄደ ማለት ነው። የእኛን «ተ-» በሚፈልግ ቦታም ይመጣል፦ «ኤል ጌርኒካ ፉዌ ፒንታዶ ኤን 1937»፣ የፒካሶ ሥዕል ጌርኒካ በ1937 እ.ኤ.አ. ተሳለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ «ማድሪድ ነበረ» ለማለት «ፉዌ ኤን ማድሪድ» ይላል። ለሰው «ኤስቱቦ ኤን ማድሪድ» ነው የሚባለው («ኤስቱቦ» የሌላው «መሆን»፣ የ«ኤስታር»፣ ኃላፊ ጊዜ ነው)። ለዝግጅት ግን «ፉዌ ኤን» ልክ ነው፦ «ላ ፊዬስታ ፉዌ ኤን ሚ ካሳ»፣ ድግሱ እኔ ቤት ነበር።

ሌላ መልስ፦ ስለ «ኤራ» ልጨምር፤ አማርኛ ተናጋሪን በጣም የሚያስቸግረው እሱ ነው፣ «ነበር» ሁለቱንም ይሸፍናልና። ድግሱ ካለቀ በኋላ በጠቅላላው ስትፈርዱ «ፉዌ ዲቨርቲዳ» (አስደሳች ነበር) በሉ። ሌላ ነገር ሊከተል መነሻውን ሁኔታ ስትስሉ «ኤራ» ነው። ሰዓት ሲነገር ምንጊዜም «ኤራ» ወይም «ኤራን» ነው፦ «ኤራን ላስ ኦቾ ኩዋንዶ ሴ ፉዌ»፣ ሲሄድ ሁለት ሰዓት ነበር። («ኦቾ» ስምንት ቢሆንም በእኛ አቆጣጠር ሁለት ነው፤ ስትተረጉሙ ተጠንቀቁ።) ለ«መሄድ» ይቀላል፦ አማርኛው «ይሄድ ነበር» ወይም «እየሄደ ነበር» ካለ «ኢባ»፣ «ሄደ» ካለ «ፉዌ»።

ስለ አጻጻፉ፦ የቆዩ መጻሕፍት «ፉዊ» እና «ፉዌ» ላይ የአክሰንት ጭረት ያደርጋሉ። የስፓኒሽ አካዳሚ ደንብ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጭረቱን አስቀርቷል፤ ዛሬ ማድረግ ስህተት ነው።