ጥያቄ፦ ሰው ጠል ዋና ገጸ ባህሪ ያለው ጥቁር የፍቅር ኮሜዲ፣ ተመልካች ሳይሸሽ እንዴት ይጻፋል? («ረቂቅ ሦስት» የሚል ስም ያለው ጸሐፊ ይጠይቃል፤ «ገጽ አንድ»፣ «የሞልየር ወዳጅ» እና «ሲን ቆጣሪ» ይመልሱለታል።)

ረቂቅ ሦስት
ሰላም ለሁላችሁ። ስክሪፕቱ 108 ገጽ ነው። ዋናው ሰውዬ 50 ዓመቱ፣ ሥራው የመቃብር ሐውልት ላይ ጽሑፍ መቅረጽ። እድር የለውም፣ ለቅሶ አይደርስም፣ ሰላምታ አይመልስም። ሒሳቡን በፊደል ቆጥሮ ያስከፍላል፤ «ደግ»፣ «ሩኅሩኅ»፣ «ተወዳጅ አባት» የሚባሉትን ግን ሟቹ እንዲያ መሆኑን ካላመነ በገንዘብም አይቀርጽም። ሴቲቱ የባሏን ሐውልት ለዐርባው ለማድረስ የመጣች ናት። ባልየው ሲሞት ሰፈሩ በሆዱ «እሰይ» ያለለት ሰው ነው።

ያነበቡት ሰዎች ሁለት ነገር ይላሉ። ገጽ 12 ላይ «ይሄን ሰውዬ ለምን እከተለዋለሁ?»፤ ገጽ 60 ላይ ደግሞ «ፍቅሩ ከየት መጣ?»። ገጽ 20 ላይ በልጅነቱ እናቱ ጥላው ስትሄድ የሚያሳይ ትዝታ አለ። ይቆይ ወይስ ይውጣ?

ገጽ አንድ
ይውጣ። ጥላቻው በእናቱ ከተሳበበ ቀልዱ ይሞታል፤ ተመልካቹም ገና በ20ኛው ደቂቃ «አሃ፣ ይድናል» ብሎ መጨረሻውን ይጨርስልሃል።

እስከ ገጽ 10 ድረስ መጀመሪያ እጁን አሳይ። ድንጋዩን አጥቦ፣ በእርሳስ አስምሮ፣ የፊደሎቹን ክፍተት ለክቶ፣ መሮውን አጋድሞ ሲጀምር። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ምላሱ ቢመርም ዓይን ይይዛል። ከዚያ የማይቀርጻቸው ቃላት ሕጉ መሆናቸው ይታወቅ፤ ሕግ ያለው ሰው ከተራ ነጭናጫ ይለያል።

ዋናው ግን መልስ የሚሰጠው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውን የጄምስ ኤል. ብሩክስን «አዝ ጉድ አዝ ኢት ጌትስ» የተባለ ፊልም ልብ ብለህ እየው። ጃክ ኒኮልሰን የሚጫወተው ሜልቪን ገና ሲከፈት የጎረቤቱን ውሻ በቆሻሻ መጣያው ቱቦ ይወረውራል። ከዚህ የባሰ መተዋወቂያ የለም። ውሻው ግን በሕይወት ይገኛል፣ ሜልቪንም ብዙ ሳይቆይ የጎረቤቱ ወዳጅ እጅ ይወድቅና ይንቀጠቀጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ምግብ ቤቱ ነው። ስለ አስተናጋጇ ስለ ካሮል የታመመ ልጅ «መሞቱ አይቀርም» ዓይነት ነገር ያመልጠዋል። ካሮል አትጮህም። ስለ ልጄ ሁለተኛ ብታነሳ እዚህ ቤት አትበላም፣ መረዳትህን በምልክት አሳየኝ ብላ ቀጥ ብላ ትጠብቀዋለች። ያ ሁሉ አፍ «እሺ» ለማለት ይንተባተባል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተመልካቹ ሁለቱንም ይከተላል።

ስለዚህ ስድቦቹን በሙሉ ቀለም ቀባቸው። ሰውዬው የረታበት ቀይ፣ የተረታበት አረንጓዴ። አራት ገጽ በተከታታይ ቀይ ብቻ ከሆነ ሰው የሚሸሽህ እዚያ ላይ ነው።

የሞልየር ወዳጅ
ፊልሙን እወደዋለሁ፤ ግን እንዳለ ለሚቀዳው ሁለት ጣጣ አለው። ሜልቪን በር ደጋግሞ የሚቆልፍ፣ ሳሙና አንዴ ተጠቅሞ የሚጥል፣ የእግረኛ መንገድ ስንጥቅ የማይረግጥ ሕመምተኛ ነው። ሕመሙና ክፋቱ አንድ ላይ ስለተቦኩ መድኃኒት መጀመሩ ራሱ የፍቅር መግለጫ ይሆናል። የኒኮልሰንና የሄለን ኸንት የዕድሜ ልዩነትም 26 ዓመት ነው፤ ሁለቱም በተዋናይነት ኦስካር የወሰዱበት ብቃት ነው የሸፈነው። አንተ ያንን ሽፋን አትተማመንበት፤ ሴቲቱን 40ዎቹ ውስጥ አድርጋት።

ለአንተ ሰውዬ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ1666 ፓሪስ ላይ የታየው የፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት የሞልየር «ሚዛንትሮፕ» («ሰው ጠሉ») ነው። የተውኔቱ ዋና ሰው አልሴስት ሕመም የለበትም፤ ያለው አቋም ነው። ሰው ሁሉ ፊት ለፊት እያሞጋገሰ በጀርባ ይተማማል ብሎ ይጠላል። የሚወደው ግን ሴሊሜንን፣ ማለትም የዚያን ሽንገላና ሐሜት ንግሥት። ፍቅሩ አቋሙን ራሱን ነው የሚነክሰው።

አንተም ይኸው በእጅህ ላይ አለ። ሴቲቱ የመጣችው ውሸት ለማስቀረጽ ነው! እሷን ግን አሳዛኝ መበለት አድርገህ አለስልሰሃታል መሰለኝ። የሰፈሩ ቁጥር አንድ አሳማሪ አድርጋት፤ ለቅሶ ቤት የምትናገረው ሁሉ ያማረ፣ አንዱም እውነት ያልሆነ። «ሙት ወቃሽ አትሁን» የሚለው ሁላችን ያደግንበት ነገር ነው፤ ሰውዬህ ደግሞ በሙያው ሙት ወቃሽ። እሷ ለምን እንደምትዋሽ (ለልጆቿ ነው? ለራሷ ነው?) እስከ ገጽ 70 አትናገር።

ሲን ቆጣሪ
ገጽ 60 ከሰማይ የወረደ የሚመስለው ሰውዬው እስከዚያ ምንም ስላልከፈለ ነው። ሕጉን ሦስት ጊዜ ያፍርስ፣ ዋጋው እየጨመረ፤ ገጽ 35፣ 58 እና 85 አካባቢ።

የመጀመሪያው ለራሱ ሲል ይሁን። ሜልቪን ለካሮል ልጅ ሐኪም እቤቷ ድረስ የሚልከው እሷ ከሥራ ስለቀረች ቁርሱን የሚያቀርብለት ሌላ ሰው ስላስጠላው ነው። እሷም አታለቅስለትም፤ በሌሊት ዝናብ እየመታት በሩ ድረስ መጥታ «ካንተ ጋር መቼም አልተኛም» ትለዋለች። ደግነት ጥርጣሬ ሲወልድ ነው ጥቁር ኮሜዲ የሚሆነው።

ያንተ ጋ፦ ሴቲቱ ተናዳ ሌላ ጠራቢ ጋ ታሠራለች፣ ያም የባሏን ስም «ሀይሉ» ብሎ ይቀርጸዋል። ሰውዬው እንቅልፍ አጥቶ በሌሊት «ኃይሉ» ሊያደርገው መቃብር ቦታ ይገባል። ድንጋይ ላይ ደግሞ ስርዝ ድልዝ የለም፤ መስመሩ በሙሉ ተሞርዶ ፊቱ ዝቅ ማለት አለበት። ሌሊቱን ሙሉ ጭርርር... ዘበኛው፣ ውሻው፣ ለኪዳን የሚመጡት ቄስ። ስድስት ገጽ ቀልድ እዚያ ተቀምጧል።

ሁለተኛው፣ ዐርባው ላይ ድንኳን ውስጥ ገብቶ ከሰው ጋር መብላት። ሦስተኛው፣ «ተወዳጅ» የሚለውን ቃል መቅረጽ፤ አራት ፊደል፣ ያለ ሒሳብ።

አንድ ነገር በንግግሩ ላይ። ሁሉን ሰው፣ ቄሱንም ጭምር፣ «አንተ» ይበል። እሷን ብቻ «እርስዎ»፣ ለማራቅ። ገጽ 58 ላይ በንዴት «አንቺ» ይውጣለት። ማንም አስተያየት አይስጥበት፤ ተመልካቹ ይሰማዋል።

ረቂቅ ሦስት
እግዜር ይስጥልኝ። ሴቲቱን እንደገና እጽፋታለሁ። የቀረው ፕሮዲውሰሩ ነው፣ በሠርግ ይለቅ ይላል።

የሞልየር ወዳጅ
አልሴስት መጨረሻ ላይ ሴሊሜንን «ከሰው ርቀን እንኑር» ይላታል፤ እምቢ ስትለው ጥሏት ይሄዳል። ሜልቪንና ካሮል ደግሞ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ዳቦ ቤት ሊገቡ ሲሄዱ ያልቃል። አብረው መዝለቃቸውን ማንም አይነግርህም። ከሁለቱ መሀል ቦታ አለህ። እሱ ለፍቅር ብሎ ውሸቱን ቀርጿል። እሷ ደግሞ እሱን እያየች ከውሸቱ ወጥታለችና መጥታ «ተወዳጅ የሚለውን አጥፋልኝ» ትበለው። መስመሩ በሙሉ መሞረድ አለበት፣ ሥራው ቀናት ይፈጃል፤ እየተነታረኩ ሒሳብ ይጀምሩ። ለፕሮዲውሰሩ ድንኳን ከፈለገ የሙት ዓመቱን ድንኳን ስጠው።

ሲን ቆጣሪ
ፊልሙን ስትቀርጹት ደግሞ ስድብ ሥር ሙዚቃ አይግባ። የእኛ ፊልሞች ላይ ኪቦርዱ ቀድሞ «ይሄ ቀልድ ነው» ይልሃል፣ ወይ «አልቅስ» ይልሃል። ስድቡን ሰፋ ባለ ሾት ያዘው፤ ሰሚውም ፍሬም ውስጥ ይኑር፣ ምክንያቱም ሳቁ ያለው የተሰደበው ሰው ፊት ላይ ነው። ኤዲተሩ ከመልሱ በፊት ያለውን ዝምታ እንዳይቆርጠው ስክሪፕቱ ላይ ጻፈው። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚባለውንም አትመነው፤ ሁለት ሰው አስቀምጠህ ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ በሰዓት ለካ። 108 ገጽህ ከሁለት ሰዓት ካለፈ መጀመሪያ የሚቆረጠው ገጽ 20 ነው።