ዊንዶውስ 11 ካስጫናችሁ በኋላ ኢንተርኔት ለሚቆራረጥባችሁ የድሬዳዋና የሐረር ተጠቃሚዎች የቀረበ ጥቆማ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ በድሬዳዋም በሐረርም ኮምፒውተሩን ወደ ዊንዶውስ 11 ያሳደገ ሰው በርክቷል፤ «ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል፣ ደግሞ ራሱ ይመለሳል» የሚለው ስሞታም አብሮ በርክቷል። ከስሞታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ብሮድባንዱን ትቼ በሞባይል ዳታ ልጠቀም ወይ፣ ከኢትዮ ቴሌኮም ወደ ሳፋሪኮም ልዙር ወይ፣ አዲስ ሞደም ልግዛ ወይ፣ ወይስ ላፕቶፑን እንደገና ፎርማት ላስደርገው? ለአንዳቸውም ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ችግሩ ከኮምፒውተሩ እስከ ሞደሙ ባለው ክፍል ይሁን ወይም ከሞደሙ ወዲያ ባለው መስመር እንድትለዩ እመክራለሁ። ዊንዶውስ ከተቀየረ በኋላ የሚጀምር መቆራረጥ በአብዛኛው ከፊተኛው ክፍል የሚመጣ ስለሆነ፣ አቅራቢ የቀየረ ሰው ያንኑ ችግር ይዞ ወደ አዲሱ አቅራቢ መሄዱ ነው።

ይህን ለመለየት ከሁሉ የሚቀለው ዘዴ ምንም ወጪ የለበትም። ስልካችሁን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙና ከስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ለኮምፒውተሩ የሚያካፍለውን) አብሩ። ገመዱ ዳታ የሚያስተላልፍ መሆን አለበት፤ ከርካሽ ቻርጀሮች ጋር የሚመጡ አንዳንድ ገመዶች ኃይል ብቻ ስለሚያሳልፉ ኮምፒውተሩ ስልኩን ጭራሹን ላያየው ይችላል። በዚህ መንገድ ኢንተርኔት ሲገባ የኮምፒውተሩ ዋይፋይ ካርድ ከሥራ ውጭ ስለሚሆን፣ ግንኙነቱ አንድ ምሽት ሙሉ ሳይቋረጥ ካመሸ ጥፋቱ የዋይፋይ ካርዱ ወይም የድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ስልኩ በሞባይል ዳታ የሚሠራ ከሆነ ግን ሞደሙና መስመሩም ስለታለፉ እነርሱም ከጥርጣሬ አይወጡም። ይህን ስታደርጉ ግን በኔትወርክ ሴቲንጉ ውስጥ ሚተርድ ኮኔክሽን የሚለውን (ዊንዶውስ ዳታ እንዲቆጥብ የሚያደርገውን) ማብራት አትርሱ፤ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ማሻሻያዎቹን ከበስተጀርባ ማውረድ ይወዳል፣ ፓኬጃችሁ ባላሰባችሁት ሰዓት ሲያልቅም «ደግሞ ተቋረጠ» ማለታችሁ አይቀርም።

ጥርጣሬውን ጨርሶ ማጥራት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን ጥቁር መስኮት ሁለት ጊዜ ይክፈት። በአንደኛው ፒንግ (ping) የሚለውን፣ አንድ አድራሻ መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚፈትሸውን ትእዛዝ ጽፎ የሞደሙን አድራሻ ያስከትል፤ በብዙ ሞደሞች ላይ 192.168.1.1 ሲሆን፣ ካልሆነም ከሞደሙ ግርጌ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። በሁለተኛው በዚያው ትእዛዝ 8.8.8.8 የሚለውን የጉግል አድራሻ ይጻፍ። ከአድራሻው በኋላ ክፍት ቦታ ትቶ ሰረዝና ቲ የምትባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ቢጨምር ትእዛዙ እስኪያስቆመው ድረስ ይቀጥላል። መስኮቶቹን ጎን ለጎን አድርጎ ሥራውን እየሠራ ሳለ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ፣ በሁለቱም መስኮቶች መልስ መምጣቱ ካቆመ ኮምፒውተሩ ሞደሙን ራሱን አላገኘውም ማለት ነው። የመጀመሪያው እየመለሰ ሁለተኛው ብቻ ዝም ካለ ግን ጉዳዩ የመስመሩ ስለሆነ፣ የዲኤስኤል ወይም የፋይበር መብራቱ በዚያው ሰዓት ብልጭ ድርግም ማለቱን አይቶ ኢትዮ ቴሌኮምን በ994 ደውሎ ማስመዝገብ ይሻላል። «ኢንተርኔት አይሠራም» ከማለት ይልቅ መብራቱ ስንት ሰዓት ላይ እንደጠፋ መናገር መልሱን ያፈጥነዋል።

ችግሩ በኮምፒውተሩ በኩል መሆኑ ከታወቀ ከሁሉ በፊት እንድታዩ የምጠቁመው ቪፒኤንን (የተዘጋ ድረ ገጽን በሌላ መንገድ የሚያስከፍተውን ፕሮግራም) ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ በተዘጋባቸው ጊዜያት ብዙዎቻችን ሁለትና ሦስት ቪፒኤን ጭነን ሳንነቅላቸው ቀርተናል። እነዚህ ፕሮግራሞችና አንዳንድ አንቲቫይረሶች በኔትወርኩ መንገድ ላይ የራሳቸውን ማጣሪያ ያስቀምጣሉ፤ ለአሮጌው ዊንዶውስ የተሠራው ማጣሪያ ከአዲሱ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ዋይፋዩ እንደተገናኘ እያሳየ ገጽ አልከፍት ይላል። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ፕሮግራሙን መንቀልና ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ ያስፈልጋል። ሪስታርት ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው አሠራር በርቶ ከሆነ ኮምፒውተሩን ዘግቶ መክፈት ድራይቨሮቹን ከነበሩበት ሁኔታ ስለሚቀጥላቸው ከአዲስ የሚያስጀምራቸው ሪስታርት ነው።

ቀጥሎ ኃይል ቁጠባው ይታይ። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ኔትወርክ አዳፕተርስ ከሚለው ሥር የዋይፋይ ካርዱን ሁለት ጊዜ ስትጫኑት ፓወር ማኔጅመንት የሚል ገጽ ካለው፣ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሡ። ቻርጀር ላይ ሲሆን ደህና ሆኖ በባትሪ ሲሠራ የሚቋረጥ ላፕቶፕ ከሆነ ምክንያቱ ይህ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በዚያው ሳጥን አድቫንስድ በሚለው ገጽ ላይ አንዳንድ ካርዶች የትኛውን ባንድ (የዋይፋይ ሞገድ) እንደሚያስቀድሙ ያስመርጣሉ፤ ሞደሙ 2.4ንም 5 ጊጋኸርዝንም በአንድ ስም የሚያሠራጭ ሲሆን ካርዱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ስለሚያቋርጥ፣ አንዱን መምረጥ ወይም በሞደሙ ላይ ለሁለቱ የተለያየ ስም መስጠት ያረጋጋዋል።

ድራይቨሩን በተመለከተ፣ ዊንዶውስ ሲቀየር የካርዱን ድራይቨር በራሱ በመረጠው ሊተካው ይችላል። የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ከጀርባው አንብባችሁ ከአምራቹ ድረ ገጽ የዋይፋይ ድራይቨሩን አውርዱ፤ ለአሮጌ ሞዴሎች የዊንዶውስ 10ው ብቻ ቢገኝ እርሱም በዊንዶውስ 11 ላይ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ጥፋቱ የመጣው ከአዲሱ ድራይቨር ጋር ከሆነ ሮል ባክ ድራይቨር የሚለው ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እጭናለሁ የሚሉ ፕሮግራሞችን አልመክርም፤ ያልጠየቃችሁትን ነገር አብረው ያስገባሉ። የኔትወርክ ሴቲንጉን ሁሉ ወደ መጀመሪያው የሚመልሰው ኔትወርክ ሪሴት የተቀመጡ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችን ስለሚደመስስ ለመጨረሻ ይቆይ።

እነዚህ ሁሉ ካልሠሩ፣ ሪከቨሪ በሚለው ሴቲንግ ውስጥ ወደ ቀድሞው ዊንዶውስ የሚመልሰው አማራጭ የሚቆየው ካሳደጋችሁበት ቀን ጀምሮ ለ10 ቀናት ብቻ መሆኑን አስታውሱ። ላፕቶፑ ቤት ውስጥ ደህና ሆኖ በዩኒቨርሲቲ ወይም በመሥሪያ ቤት ዋይፋይ ላይ ብቻ እምቢ የሚል ከሆነ ግን ከካርዱ በፊት ማሻሻያውን ጠርጥሩ፤ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2023 አንድ የዊንዶውስ 11 ማሻሻያ ይህንኑ ማድረጉን ማይክሮሶፍት ራሱ አምኗል።

ዕቃ መግዛት ግድ ሲሆን የመጀመሪያ ምርጫዬ ላን ኬብል (ኮምፒውተሩን ከሞደሙ ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው ገመድ) ነው። ሞደሙና ኮምፒውተሩ በአንድ ክፍል ውስጥ እያሉ በዋይፋይ መሠቃየት ምን እንደሚጠቅም አይገባኝም። ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን ገበያም ሆነ ከዚራ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር መደብሮች ዝግጁውን ማግኘት ይቻላል፤ በሚፈለገው ርዝመት ቆርጦ ጫፉን የሚያስር ሰው ካገኛችሁ ግን እርሱን እመርጣለሁ። ካት 5ኢ የሚባለው የኬብል ደረጃ ለቤት በቂ ነው። ስትገዙ አንዱን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ብርማ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና ለረጅም ርቀት አይሁን። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊትም በቴስተር ያስፈትኑላችሁ፤ ከ1 እስከ 8 ያሉት መብራቶች በሁለቱም ጫፍ በተራቸው መብራት አለባቸው፣ አንዱ ከዘለለ ጫፉ እንደገና ይታሰር። ላፕቶፑ የላን ቀዳዳ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ የላን ማገናኛ አለ፤ ብዙው የቤት መስመር ከ100 ሜጋቢት ስለማያልፍ ርካሹ ባለ 100ው ይበቃል።

ገመድ መዘርጋት ለማይችል ሰው በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ ማገናኛ ቀጣዩ አማራጭ ነው። እንደ ቲፒ-ሊንክ 725ኤን ያሉት ጥፍር የሚያክሉት ርካሽና ለመያዝ የሚመቹ ቢሆኑም የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ በዚያው ባንድ በሚጠቀምበት ሰፈር ከቀድሞው ካርድ ብዙ አይሻሉም። የዚያው አምራች አርቸር ቲ3ዩ ፕላስ ሁለቱንም ባንዶች ይቀበላል፣ አንቴናም አለው፤ ዋጋው ቢጨምርም ለእኔ ሚዛን የሚደፋው እርሱ ነው። ስም የሌላቸውንና ድራይቨራቸው በትንሽ ሲዲ የሚመጣውን ተዉአቸው፤ ሲዲ ማስገቢያ ለሌለው ላፕቶፕ ሲዲ ምን ይረባል? ሌላው ልብ የሚባል ነገር ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ነው። ሃርድ ዲስክ ሲሰካበት በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ረብሻ ስለሚፈጥር፣ ማገናኛውን በአጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ራቅ ማድረግ ወይም ሃርድ ዲስኩን ወደ ሌላው ጎን ማዛወር ያለ ወጪ የሚገኝ መፍትሔ ነው።

ስለ ጥገና አገልግሎት ስትጠይቁኝ ሱቁን ሳይሆን አሠራሩን ምረጡ እላለሁ። ታይዋን ያሉት ፈጣኖችና በዋጋ የሚቀልሉ ናቸው፤ ከዚራ ያሉት መደብሮች ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ ቅሬታ ይዛችሁ ብትመለሱም የሚያናግራችሁ ሰው አለ። ለዚህ ዓይነቱ ችግር ግን ቤት ድረስ የሚመጣ ባለሙያ ከሁለቱም ይሻላል፤ በሱቁ ዋይፋይ ላይ ሰላም የዋለ ላፕቶፕ ቤት ሲገባ እንደገና ማቋረጡ የተለመደ ነውና። የሚመጣ ሰው ካልተገኘ ሞደሙንም ከነቻርጀሩ አብራችሁ ውሰዱ። ሳያይና ሳይጠይቅ «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው» የሚለውን አመስግናችሁ ውጡ፤ ፎርማቱ ያንኑ ድራይቨር መልሶ ሊጭነው ይችላል፣ ፋይሎቻችሁ ግን አይመለሱም።

ላፕቶፑ ከ8ኛው ትውልድ በፊት የነበረ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ከሆነ ከጥቂቶች በስተቀር በዊንዶውስ 11 የድጋፍ ዝርዝር ውስጥ ስለማይገባ፣ የዊንዶውስ 11ን የብቃት ማጣሪያ ዘልለው የሚጭኑላችሁ ሱቆች ማይክሮሶፍት ማሻሻያ እንደሚልክለት ዋስትና የማይሰጠውን ነገር እየሸጡላችሁ መሆኑን እወቁ። ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒውተር በዊንዶውስ 10 ላይ ቆይቶ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. በተራዘመው የደኅንነት ማሻሻያ ውስጥ መመዝገቡ በእኔ ግምት የተሻለው መንገድ ነው።

መስመሩ ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ብቻ አቅራቢዎችን ማወዳደር ትርጉም ይኖረዋል። ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ ሥራውን የሙከራ ደረጃ ላይ የጀመረው ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ስለሆነ ከተማችን ለሁለተኛ አቅራቢ እንግዳ አይደለችም። ሳቢያን ሰፈር የሚበረታው መስመር መጋላ ሰፈር ሊደክም ስለሚችል፣ የጎረቤት ምስክርነት ከሰሙ በኋላ የሁለቱንም ሲም በትንሽ ፓኬጅ በራስ ቤት፣ በራስ ጠረጴዛ ላይ ማታ ማታ መሞከር ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። ሰዓታት የሚፈጅ የቪዲዮ ስብሰባና ከባድ ፋይል ላለበት ሰው የቤት ብሮድባንዱን ይዞ የሌላውን ሲም ለመጠባበቂያ ማኖር፣ ኢሜይልና ባንክ ብቻ ለሚጠቀም ደግሞ የሞባይል ዳታ ብቻውን ይበቃል።

የድሬዳዋን ሙቀት ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ከፍሪጅ ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ሞደም ከቀትር በኋላ ቢዘጋ አይደንቅም። መቆራረጡ ከ6 እስከ 10 ሰዓት በርትቶ ሌሊት የሚጠፋ ከሆነ ዳንቴሉን አንሡና ሞደሙን አየር ወዳለበት አምጡት። መብራት በሄደ ቁጥር ለሚጠፋበት ሰው ለሞደም የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያስቀጥል ዕቃ) ጥሩ ግዢ ነው፤ ሞደሙ 9 ወይም 12 ቮልት መሆኑን ከቻርጀሩ ላይ ሳታነቡ ግን አትግዙ።

ሐረር ላይ ሙቀቱ የሚቀል ቢሆንም ጀጎል ውስጥ ለሚኖሩ ሌላ ፈተና አለ። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ወፍራሙን የድንጋይ ግድግዳ አልፎ ወደ ቀጣዩ ክፍል አይደርስም፤ በዚያ ያለው ላፕቶፕ ዊንዶውስ ከተቀየረ ወዲህ 5ን ማስቀደም ከጀመረ በየደቂቃው ይቋረጣል። ለእነርሱ የምጠቁመው ከባንዶቹ 2.4ን መርጦ መሞከርን ነው፤ ካልበቃም ከሞደሙ በበሩ ወይም በመስኮቱ በኩል ላን ኬብል አሳልፎ በሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ሁለተኛ ራውተር በአክሰስ ፖይንትነት (በተጨማሪ የዋይፋይ ማሠራጫነት) መትከልን ነው። አሮጌ ራውተር ቤት ውስጥ ካለ ለዚህ ያገለግላል፤ ዲኤችሲፒው (ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለው አሠራር) መጥፋት እንዳለበትና አድራሻው ከዋናው ሞደም የተለየ መሆን እንዳለበት ለሚተክለው ሰው ንገሩት።